በጎ ፈቃድ ከክረምት ዘመቻነት ይውጣ፦ ለባሕር ዳር ነዋሪዎችና ለአስተባባሪ መሥሪያ ቤቶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የባሕር ዳር ከተማ ነዋሪዎች፣
የበጎ ፈቃድ አገልግሎትን በየደረጃው ለምታስተባብሩ መሥሪያ ቤቶች፣
ለእድሮች፣ ለትምህርት ተቋማትና ለበጎ አድራጎት ክበባት አባላት በሙሉ፣

ጉዳዩ፦ ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት ዓመቱን ሙሉ የሚያሠራ የጊዜ ሰሌዳ እንዲዘጋጅ ስለመጠየቅ

ጳጉሜን በገባ ቁጥር እንደሚደረገው ሁሉ ሰሞኑንም በከተማችን የበጎ ፈቃድ አገልግሎት የመዝጊያ መርሐ ግብሮች እየተካሄዱ፣ የዓመቱም ሪፖርቶች እየተጠናቀሩ ይገኛሉ። እኔም በከተማዋ ከሚንቀሳቀሱት የበጎ አድራጎት ክበባት በአንዱ በአስተባባሪነት የማገለግል እንደመሆኔ መጠን የክበባችንን ሪፖርት አዘጋጅቼ ለሚመለከተው አካል አስገብቻለሁ። በሪፖርቱ ቅጽ ላይ «የታደሱ ቤቶች ብዛት»፣ «የተተከሉ ችግኞች ብዛት»፣ «የተሳተፉ ወጣቶች ብዛት» የሚሉ ሣጥኖች አሉ። አምና የታደሰው ቤት ዘንድሮ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ፣ አምና ከተተከለው ችግኝ ምን ያህሉ እንደጸደቀ የሚጠይቅ ሣጥን ግን የለም። ቅጹ ያልጠየቀኝን በዚህ ደብዳቤ ለመናገር ፈልጌአለሁ።

አስቀድሜ ክብር ለሚገባቸው ክብር ልስጥ። በተጠናቀቀው ዓመት ከፋሲሎ እስከ በላይ ዘለቀ፣ ከግሽ ዓባይ እስከ ጣና ክፍለ ከተማ ያሉ ወጣቶች የባጃጅ ሒሳብ ከኪሳቸው እየከፈሉ የአረጋውያንን ቤት አድሰዋል፣ ደም ለግሰዋል፣ ለታናናሾቻቸው አስጠንተዋል፤ ከቀያቸው ተፈናቅለው በከተማዋና በዙሪያዋ ለተጠለሉ ወገኖችም ልብስና ምግብ ሰብስበዋል። ይህን ሁሉ ያደረጉት ክልላችን በግጭት በሚታመስበት፣ ከአንድ ሰፈር ወደ ሌላው መሄድ እንኳ ሰዓት እየታየ በሚሆንበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው የእነርሱን ትጋት የሚነቅፍ ተደርጎ እንዳይወሰድ እለምናለሁ።

ችግሩ ያለው ከጊዜ አመዳደቡ ላይ ነው። የበጎ ፈቃድ አገልግሎታችን የሚጀመረው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው፤ የሚያልቀውም ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ነው። ተማሪው የሚያርፈው በዚህ ጊዜ በመሆኑ ነገሩ ምክንያት የለውም አይባልም። ይሁን እንጂ ቤቱም፣ ችግኙም፣ ደሙም፣ ተፈታኙ ልጅም የየራሳቸው ወቅት አላቸው፤ ያ ወቅት ደግሞ ከተማሪው ዕረፍት ጋር የሚገጥመው አልፎ አልፎ ብቻ ነው።

ከቤት እድሳት እነሣለሁ። በክረምቱ መርሐ ግብር ትልቁን ስፍራ የያዘው የአረጋውያንና የአቅመ ደካሞችን ቤት ማደስ ነው፤ መሆንም አለበት። ሆኖም የጭቃ ቤት ሠርቶ የሚያውቅ ሁሉ እንደሚመሰክረው ምርጊት የበጋ ሥራ ነው። አፈሩ ይቆፈራል፣ ጭድ ይነሰነስበታል፣ ውኃ እየጠጣ በእግር ይረገጣል፣ ከዚያም በደንብ እስኪቦካ ለቀናት ይተዋል፤ የመጀመሪያው ምርጊት ማገሩን ይዞ ከደረቀና መሰንጠቁን ከጨረሰ በኋላ ደግሞ ሁለተኛው ይደረብበታል። ይህን ሁሉ በሐምሌ ልሥራ የሚል ሰው ጭቃው አይደርቅለትም፤ በውጭ በኩል ያለው ግድግዳም ገና እርጥብ እያለ በወጨፎ ይታጠብበታል። ጭዱም ቢሆን ከአውድማ በኋላ፣ ከታኅሣሥ ጀምሮ እንደልብ የሚገኝ ሲሆን በሐምሌ ግን ለከብት መኖ ከተቀመጠው ላይ እየለመኑ በውድ ዋጋ መግዛት ግድ ይላል። ለክረምት መድረስ ያለበት ጣሪያው ነው፤ እርሱም ዝናቡ ከገባ በኋላ ሳይሆን በግንቦት መከደን አለበት።

አምና በክረምቱ በአንድ ቀበሌ የአንዲት አቅመ ደካማ እናት ቤት እንድናድስ ተመድቦልን ነበር። ቋሚዎቹን ምስጥ የበላቸው፣ በበሩ በኩል ያለው ግድግዳ ወደ ውስጥ ያዘመመ ቤት ነው። ቋሚውን ቀይረን፣ ማገሩን አጥብቀን፣ ጣሪያውን ከከደንን በኋላ «ምርጊቱ ይቆይ፤ ለጊዜው ግድግዳውን በሸራ እንጋርደውና በበጋ እንመለስበት» ብለን ጠየቅን። ሥራውን የሚከታተለው ክፍል ግን የርክክብ ቀን ቆርጦ እንግዳም ጠርቶ ስለነበር ግድግዳው ተመርጎ፣ በላዩም ኖራ ተቀብቶ እንዲጠብቅ አዘዘ። ተመረገ፤ ተቀባ፤ ሪባኑም ተቆረጠ። ጥቅምት ላይ ልንጠይቃቸው ስንሄድ በምዕራብ በኩል ያለው ምርጊት ተገንጥሎ ወርዶ ማገሩ ይታይ ነበር፤ እማማም ክፍተቱን በማዳበሪያ ከረጢት ወትፈውታል። በጥር የሰፈሩን እድር አማክረን በጅጊ ወጣን። ጎረቤቱ ውኃ ቀዳ፣ የእድሩ አባላት ጭቃ ረገጡ፣ በዕድሜ የገፉት ደግሞ ጭቃው በመዳፍ ተጠፍጥፎ ማገሩ መሐል እንዴት እንደሚመታ ለልጆቹ አሳዩአቸው። ያ ግድግዳ የዘንድሮውን ክረምት በደኅና አልፎታል። በሪፖርቱ ላይ የተቆጠረው ግን የሐምሌው ሥራ ነው፤ በጥር የተሠራው የሚገባበት ሣጥን አልነበረም።

ስለ ጣሪያውም ጥቂት ልበል። ቆርቆሮ የሚለካው በጌጅ እንደሆነና ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቆርቆሮው እየሳሳ እንደሚሄድ የታወቀ ነው። በዕቅድ የተያዘው የቤት ቁጥር እንዲሞላ ሲባል ባለ 35 ጌጅ ሲገዛ አይቻለሁ። በእኔ አስተያየት በባለ 32 ወይም በባለ 30 ጌጅ ጥቂት ቤቶችን በወጉ መክደን ይሻላል፤ ሰውየው በጥቂት ዓመት ውስጥ ለተመሳሳይ እርዳታ ተመልሶ እንዲሰለፍ ማድረግ እርዳታ አይባልም። ጣሪያ ላይ የሚወጡት ልጆች ጉዳይም አለ። ከአባሎቻችን አንዱ ከመሰላል ወድቆ እጁ በተሰበረ ጊዜ ማሳከሚያውን ያዋጣነው እኛው ነን። ወጣትን ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚያሰማራ አካል አደጋ ቢደርስ ማን እንደሚያሳክመው አስቀድሞ መወሰን ይኖርበታል።

ወደ ደም ልገሳው ልለፍ፤ የጊዜ አመዳደባችን ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው እርሱን ነውና። ከለጋሽ የተወሰደ ቀይ የደም ሕዋስ በተለመደው የመጠበቂያ ፈሳሽ በማቀዝቀዣ ውስጥ የሚቆየው 35 ቀን ነው፤ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌት ደግሞ 5 ቀን ገደማ ብቻ ነው። በነሐሴ መጨረሻ በመዝጊያው ቀን በዘመቻ የተሰበሰበ ደም መስከረም ሲያልቅ ጊዜው ያልፍበታል ማለት ነው። በጣና ዙሪያ ግን ወባ የሚበረታው ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ነው፤ በወባ ምክንያት ደማቸው ያለቀ ሕፃናት ወደ ሆስፒታል የሚመጡትም ያኔ ነው። በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም የሚፈሳቸው እናቶች ደግሞ ወቅት የላቸውም። ወደ ፈለገ ሕይወትና ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች ከሩቅ ወረዳ በሪፈር የሚመጣ ሕመምተኛ ብዙውን ጊዜ አብሮት ያለው አንድ አስታማሚ ነው፤ ያ አስታማሚ በማያውቀው ከተማ ደም የሚሰጥ ሰው ከየት ያምጣ?

የደም እጥረት በየዓመቱ የሚታይባቸው ጊዜያት ሳይታወቁ ቀርተው አይደለም። አንደኛው የለጋሹ ዋና ክፍል የሆነው ተማሪ የሚበተንበት ክረምቱ ራሱ ነው፤ ሌላው 55 ቀናት የሚጾምበት ዐቢይ ጾም ነው። በአገራችን ዕድሜው ከ18 እስከ 65 የሆነ፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ ያላነሰ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ ደም መለገስ ይችላል። እንግዲህ አንድ ክበብ አባላቱን በሦስት ቡድን ከፍሎ በየወሩ አንዱን ቡድን ወደ ደም ባንክ ቢልክ የእያንዳንዱ ሰው ተራ በሦስት ወሩ ይደርሳል፤ ባንኩም ከዚያ ክበብ ደም የማያገኝበት ወር አይኖርም። የእኛ ክበብ ይህን ከጥቅምት ጀምሮ ሞክሮታል። ወጪው የባጃጅ ሒሳብ ብቻ ነው፤ ባነርም ድምፅ ማጉያም አላስፈለገውም። በርከት ያሉ ክበባት ወሮቹን ቢከፋፈሉና በተለይ የጾሙን ወራት የሌላ እምነት ተከታይ የሆኑ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በርከት ብለው ቢሸፍኑልን፣ በረመዳንም እኛ በአጸፋው ብናደርገው፣ ዛሬ በሆስፒታል ደጃፍ በጭንቀት የሚደረገው ፍለጋ ብዙ ይቀል ነበር።

የማጠናከሪያ ትምህርቱ ነገር ይበልጥ ግልጽ ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስደው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ሁላችንም ሰምተናል፤ ደንግጠናልም። የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው በሰኔ፣ የ12ኛው ደግሞ ከሰኔ ማብቂያ እስከ ሐምሌ ባለው ጊዜ ነው። የእኛ ማጠናከሪያ የሚከፈተው ሐምሌ ላይ ነው። ልጁ ተፈትኖ ከወጣ በኋላ ና እናስጠናህ እንለዋለን። በክልሉ በርካታ ትምህርት ቤቶች በተዘጉበትና ብዙ ተማሪ ከክፍል በራቀበት በዚህ ዘመን የክረምቱ ትምህርት ለታችኛው ክፍል ልጆች መጠቀሙን አልክድም። ለተፈታኞቹ ግን ከጥር እስከ ግንቦት ባሉት ቅዳሜዎች ሒሳብና እንግሊዝኛ የሚያስጠና አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ማግኘት ከሐምሌው ሁሉ ይበልጥባቸዋል።

ስለ ችግኝም ብዙ አልልም፤ ተከላው በሐምሌ መሆኑ ትክክል ነው። ባሕር ዳር በዓመት ከምታገኘው 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርድ በመሆኑ ጉድጓዱ በግንቦት ተቆፍሮ በሐምሌ መተከሉ ልክ ነው። ነገር ግን ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ያለውን ደረቅ ወራት ያ ችግኝ በማን ውኃ ያሳልፋል? ከፍየልና ከአህያስ ማን ይጠብቀዋል? ውኃ የሚያጠጣው ሰው በስም ያልታወቀ ችግኝ ባይተከል እመርጣለሁ።

ጣናን በተመለከተ የእምቦጭን ታሪክ የዚህ አካባቢ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በሐይቁ ላይ መታየቱ ይፋ ከሆነ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ፣ በደንቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ፣ አርሶ አደሩና በጎ ፈቃደኛው ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው ኖሯል፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተጀመረውን የአንድ ወር ዘመቻም ብዙዎቻችን እናስታውሰዋለን። የአረሙ ዘር በደለል ውስጥ ለበርካታ ዓመታት ሳይሞት መቆየት የሚችል ነው፤ ተነቅሎ በዳር የተከመረውም በወቅቱ ደርቆ ካልተወገደ ውኃው ሲሞላ ተመልሶ ይገባል። ከእንዲህ ያለ ጠላት ጋር የሚደረግ ሥራ በአንድ ወር ዘመቻ እንደማያልቅ ያኔም የሚያውቁ ነበሩ፤ በየወሩ የተቀነሰ ቁጥር ባለው ሰው፣ ግን ሳይቋረጥ መሥራትን ይጠይቃል። በከተማችን በኩል ያለውን የሐይቅ ዳር ጽዳትም እንደዚሁ አየዋለሁ። ጥምቀት ባለፈ ማግስት ከደንገሉ ሥር የሚለቀመው የሃይላንድ ፕላስቲክ በክረምቱ ዘመቻ ከሚሰበሰበው አያንስም፤ በዚያን ጊዜ ግን መርሐ ግብር የለም።

ከዚሁ ጋር መነገር ያለበት የጤና ጉዳይ አለ። በጣና ዳርቻ ብልሃርዚያ መኖሩ የታወቀ ነው። ጥገኛው በውኃ ዳር ካለው ቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ በኩል ወደ ሰው የሚገባ ስለሆነ ልጆችን በነጠላ ጫማ ወይም በባዶ እግር ውኃ ውስጥ ለሰዓታት ማቆም ለበሽታ ማጋለጥ ነው። ለአንድ ቀን ከሚታተመው ካናቴራ በፊት ቦት ጫማና ጓንት ቢገዛ፣ ውኃ ውስጥ የገቡትም ከሥራው በኋላ ጤና ጣቢያ ሄደው እንዲመረመሩና ካስፈለገም ፕራዚኳንቴል የተባለውን የብልሃርዚያ መድኃኒት እንዲወስዱ ቢደረግ ከፍ ያለ ወጪ አይደለም።

ለበዓል የሚደረገውን ማዕድ ማጋራት በአንድ ነገር ብቻ አነሣዋለሁ፤ እርሱም ካሜራው ነው። አምስት ሊትር ዘይት የተቀበሉ አባት ዘይቱን ደረታቸው ላይ አድርገው ከባነር ፊት እንዲቆሙ መጠየቃቸውን አንድ ቀን ቆሜ አይቼዋለሁ። እኒህ ሰው በሰፈራቸው የእድር ዳኛ የነበሩ ናቸው። የስጦታው ማስረጃ ካስፈለገ የተቀባይ ፊርማ ይበቃል፤ ፎቶ ማንሣት ግድ ከሆነም ሰጪውን ማንሣት ይቻላል።

ይህን ሁሉ ስናገር የሚቀርብልኝ መልስ አንድ ነው፦ «ወጣቱ የሚገኘው በክረምት ብቻ ነው»። በባሕር ዳር ግን እውነቱ ከዚህ ይለያል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ሆነ የሌሎቹ ኮሌጆች መደበኛ ተማሪዎች በክረምት ወደየቤተሰቦቻቸው ይሄዳሉ፤ በከተማዋ የሚኖሩት በበጋው፣ ትምህርት ባለበት ጊዜ ነው። በየግቢው የበጎ አድራጎት ክበብ አለ፤ የሲቪል ምሕንድስናው፣ የሕክምናው፣ የመምህርነቱ ተማሪ አለ። በክረምት የሚመጡልን ደግሞ በሌላ ከተማ የሚማሩ የራሳችን ልጆች ናቸው። ይህ ማለት ከተማዋ ሁለት ፈረቃ ጉልበት አላት፤ መርሐ ግብር ያወጣነው ግን ለአንደኛው ፈረቃ ብቻ ነው። ላይ ያልኩት የጥር ምርጊት ከተሳካበት ምክንያት አንዱ የዩኒቨርሲቲው ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ መገኘታቸው ነበር። ማንም የትምህርት ቀናቸውን ይሠዉ አላለም፤ በወር አንድ ቅዳሜ ይበቃል።

ስለዚህ መሥሪያ ቤቶቹን የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው። የሚመጣው ዓመት ዕቅድ ሲወጣ ሥራው በየወቅቱ ይደልደል፤ ግድግዳ ከኅዳር እስከ የካቲት፣ ጣሪያ በግንቦት፣ ተከላ በሐምሌ፣ የተፈታኞች ጥናት ከጥር ጀምሮ፣ ደም በየወሩ ይሁን። የሪፖርቱ ቅጽ ላይ «ካለፈው ዓመት ሥራ እስካሁን ያለው» የሚል አንድ ሣጥን ይጨመርበት፤ ሣጥኑ ከተጨመረ ሌላው ብዙ ነገር ራሱ ይስተካከላል ብዬ አምናለሁ፤ ሰው የሚሠራው የሚጠየቅበትን ነውና። ዛሬ ለእያንዳንዱ ሥራ የትብብር ደብዳቤ ለማጻፍ ከቢሮ ቢሮ እንመላለሳለን፤ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው ሲባል ደግሞ ቅዳሜያችን ያልፋል። ለተመዘገበ ክበብ ለዓመት የሚያገለግል አንድ ደብዳቤ ቢሰጥ ለእናንተም ሥራ ይቀንስላችኋል። በሥራ ላይ ለተጎዳ በጎ ፈቃደኛ የሕክምና ወጪ የሚሸፈንበት መንገድም በጽሑፍ ይታወቅ። አዲስ በጀት አንጠይቅም፤ ለመክፈቻና ለመዝጊያ መርሐ ግብር፣ ለባነርና ለካናቴራ ከሚወጣው ላይ ግማሹ ወደ ቆርቆሮ፣ ወደ ቦት ጫማና ወደ ጭድ ይዙር።

እድሮችንም አንድ ነገር እንለምናለን። የትኛው ቤት እንደሚያፈስ፣ የትኛው ሽማግሌ ጧሪ እንደሌለው ከማንም ይልቅ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። የሚታደሱ ቤቶች ምርጫ በመንገድ ዳር መሆናቸውና ለጉብኝት መመቸታቸው ታይቶ ሳይሆን በእናንተ ዝርዝር ቢሆን ምርጫው ከሐሜት ይድናል። የሰፈሩን ልጆች ማገር ማሰርና ምርጊት ማስተማርም የእናንተ ፈንታ ነው፤ ክበቦቻችን በጉልበት እንጂ በሙያ የበለጸጉ አይደሉም።

ክበባችን ከሌሎች ሦስትና አራት ክበባት ጋር በጉዳዩ ላይ ተነጋግሮ የየወሩን ዕቅድ ረቂቅ አዘጋጅቷል። ከመስቀል በዓል በኋላ ባለው ሳምንት በፈለጋችሁት ቀንና ቦታ ለመቅረብ ዝግጁ ነን። በመጀመሪያው ስብሰባ እንዲወሰንልን የምንፈልገው በታኅሣሥ የሚገዛው ጭድ የት እንደሚቀመጥ ነው፤ ከዝናብና ከእሳት የተጠበቀ ባዶ መጋዘን ወይም አዳራሽ ያለው ቀበሌ፣ ትምህርት ቤት ወይም ግለሰብ ካለ ከወዲሁ ቢያሳውቀን እናመሰግናለን።

ከአክብሮት ጋር፣
በባሕር ዳር ከተማ ከሚንቀሳቀሱት የበጎ አድራጎት ክበባት የአንዱ አስተባባሪ
ጳጉሜን፣ ባሕር ዳር